ሩጫ የሌለበት ጨዋታ

ኮምቦልቻ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ጥሩወርቅና ባሏ ደምሰው በረንዳቸው ላይ ቆመዋል፤ ልጃቸው ትርሲት ከሞተች ወዲህ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ የተቀመጠውን ውሻዋን ቡላን የጥሩወርቅ ወንድም ሊወስደው በመንገድ ላይ ነው።

ደምሰው፦ እሺ ይውሰደው። ግን እንጨት እየወረወረ አምጣ እንዳይለው ንገሪው፤ ስንጥሩ ላንቃውን ይወጋዋል። ኳስ ከሆነ ከአፉ የምትበልጥ ትሁን፤ ትንሿን ይውጣታል።

ጥሩወርቅ፦ አንተ ሰውዬ፣ ወንድሜ ሊያጫውተው መሰለህ እንዴ? ወፍጮ ቤት ሊያስጠብቀው ነው!

ደምሰው፦ ዘበኛም ቢሆን ይጫወታል። ገመድ ሲጓተቱ ወደ ላይ እንዳያንጠለጥለው፣ አንገቱን ይጎዳዋል። እንደበላም አያስሩጠው። ደግሞ አስፋልቱ በፀሐይ ሲግል...

ጥሩወርቅ፦ ምነው ለልጄ እንዲህ በተጠነቀቅክላት!

ደምሰው፦ ጥሩዬ...

ጥሩወርቅ፦ ምን ጥሩዬ ትለኛለህ? ልቧ ደካማ ነው፣ እንዳትሮጥ አልተባልንም? ሐኪሙ ሲናገር አብረን አልነበርን? እኔ ሱቅ ውዬ ስመጣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ፣ ላብ በላብ ሆና! ይሄ ደግሞ አጠገቧ ጭራውን ይቆላል። የገደለብኝ እሱ ነው። ዓይኑን ማየት አልፈልግም።

ደምሰው፦ አንድም ቀን አልሮጠችም።

ጥሩወርቅ፦ አትዋሸኝ!

ደምሰው፦ ትርሲትን ይንሳኝ ብዬ እንዳልምልልሽ፣ ነስቶኛል። ግን አልሮጠችም። ልቧ ከነሕመሙ ነው የተወለደው፤ ሐኪሙም ብሎናል። ውሻው ምን አደረገ? ሩጫ የሌለበት ጨዋታ የፈለግኩላቸው እኔ ራሴ ነኝ። ኩኩሉ ነበር የሚጫወቱት።

ጥሩወርቅ፦ ከውሻ ጋር ኩኩሉ?

ደምሰው፦ ምን አለበት? ከወንድምሽ ይሻላል። እሱ መጋረጃ ኋላ ተደብቆ ሆዱን ውጭ የሚተው!

ጥሩወርቅ፦ አታስቀኝ። በእናትህ፣ ዛሬ አታስቀኝ።

ደምሰው፦ ቡላን እዚያው ግድግዳው ሥር ፊቱን አዙሬ እይዘዋለሁ። በሱ ፈንታ "ኩኩሉ!" እላለሁ። እሷ ከውስጥ "አልነጋም!" ትላለች። ቀስ ብላ ነው የምትራመደው፣ ትንፋሽ እንዳያጥራት። አልጋዋ ላይ ወጥታ ብርድ ልብሷን ትከናነብና "ነጋ!" ስትል እለቀዋለሁ። እሱም እያሸተተ፣ ጓዳውን ሁሉ ዞሮ ያገኛታል። ያ ፊቷ የሚቀላው፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና በሳቅ ፍርስ ስለምትል ነው።

ጥሩወርቅ፦ ሳቅ ነበር?

ደምሰው፦ ሳቅ ነበር።

ጥሩወርቅ፦ ለምን አልነገርከኝም?

ደምሰው፦ መች ታስወሪኛለሽ? ገና ከበሩ "አሁንም ከዚህ ውሻ ጋር!" እያልሽ ነው የምትገቢው።

ጥሩወርቅ፦ ወይኔ! ስገባ ጭጭ ትል ነበር እኮ። ደክሟት ነበር የሚመስለኝ። ሳቋን እየነጠቅኳት ኖሯል! ወይኔ ልጄን!

ደምሰው፦ ተይ እንግዲህ። ፈርተሽላት ነው። እሷም ታውቃለች።

ጥሩወርቅ፦ ታዲያ ይሄስ? እህል አይቀምስ፣ ሲጠሩት አይዞር! ሟርት ነው እያልኩ ስረግመው ከረምኩ እኮ።

ደምሰው፦ የምን ሟርት! ነጋ የሚለው አጥቶ ነው። እስክትደበቅ እየጠበቃት ነው።

ጥሩወርቅ፦ እስካሁን? አንተ ታዲያ አትልለትም?

ደምሰው፦ ስንቴ ልበል! ጆሮውን እንኳ አያነሳልኝም። እኔ ያዢው ነኝ፤ ተደባቂዋን ነው የሚፈልገው። የሷን ድምፅ። የሷን ድምፅ ደግሞ... እህትሽ ስትደውል ያንቺን ድምፅ ከትርሲት መች ለይታ ታውቅ ነበር?

ጥሩወርቅ፦ እኔ? አልችልም! ደስ ብሎት፣ አገኘኋት ብሎ ብርድ ልብሱን ሲገልጥ እኔ ብሆንበትስ? ያን ጊዜ እንዴት ይሆናል?

ደምሰው፦ እኛስ እንዴት ሆንን?

ጥሩወርቅ፦ ክፍሏን ከቆለፍኩት ወዲህ አልገባሁም። ትራሷ እሷን እሷን ነው የሚሸተው። ከገባሁ የምወጣ አይመስለኝም።

ደምሰው፦ አላስገድድሽም። ይኸው በሩም ተንኳኳ፣ ወንድምሽ ነው። ገመዱን ላምጣ?

ጥሩወርቅ፦ ያንኳኳ። አንተ ውሻውን ትይዝልኛለህ። ቆይ፣ መጀመሪያ ይሄን የክፍሏን ቁልፍ ከአንገቴ ላይ ፍታልኝ።