ሙሽራዋን ማን ሠራት?

የግንቦት ዝናብ ፍኖተ ሰላም ላይ ሲወርድ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ባጃጆቹ ከዋናው መንገድ በየአቅጣጫው ተበተኑ። አንድ ባለ ጋሪ ሸሽቶ በረንዳ ሥር ሲጠለል ፈረሱ መሐል አስፋልት ላይ ቆሞ ቀረ። ያምሮት የብሩሽ ቦርሳዋን በሻርፗ ጠቅልላ፣ የገዛ ፀጉሯን ለዝናቡ ትታ፣ ፊት ለፊቷ ካገኘችው ሱቅ ዘው አለች። ቦርሳው ቢረጥብ ትሞታለች፤ ፀጉሯ ቢረጥብ ግን መልሳ ትሠራዋለች።

ሲጀመርም ተናዳ ነበር። ጠዋት ቡሬ ሄዳ፣ ከቡሬም አልፋ አንዲት ሴት ስትፈልግ ረፈደባት። በመጨረሻ «የታመመች ዘመዷን ልትጠይቅ ፍኖተ ሰላም ወርዳለች» ተባለችና ባዶ እጇን ተመለሰች። በመንገዱም፣ በሾፌሩም፣ ስልክ በማይሰጡ ሰዎችም ላይ ስታጉረመርም ነው ዝናቡ የደረሰባት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያምሮት ሙሽራ ታስውባለች። ሜካፑንም ፀጉሩንም ከስልክ እያየች፣ በራሷ ፊት ላይ እያበላሸች ተማረችው እንጂ አስተማሪ አልነበራትም። ይህንንም ማንም ሳይጠይቃት ትናገራለች። ከፋሲካ በኋላ ቡሬ አጠገብ ማርያማዊት የምትባል ሙሽራ ልታስውብ ሄዳ፣ ሹሩባውን ፈትታ እንደ አዲስ ልትሠራ ሚዶዋን አወጣች። ሙሽራዋ ነጠላዋን ከራሷ ስትገልጥ ግን ሚዶዋን መልሳ ከተተችው። ከግንባር የተነሣው መስመር በጎበዝ ገበሬ እንደ ታረሰ ትልም ጥርት ያለ ነው፤ ጆሮ ግንድ ላይ ይታጠፍና ማጅራት ላይ ክብ ሠርቶ ይገናኛል። ያምሮት በዕድሜዋ የሰው ሥራ አድንቃ የማታውቅ ኩሩ ልጅ፣ ያን ቀን ፊቷን ብቻ ሠርታ ዝም አለች።

የማርያማዊትን ፎቶግራፍ ባሕር ዳር ለሚካሄደው የሙሽራ አስዋቢዎች ውድድር ላከችው። የመጀመሪያውንም ማጣሪያ አለፈ። ከዚያ አዘጋጆቹ መልእክት ሰደዱ፤ ሙሽራዋ ላይ እጃቸው ያረፈ ሁሉ በስማቸው ይመዝገቡ፣ መድረክም ላይ ይቅረቡ፣ የሌላውን ሥራ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ይሰረዛል፣ መልሱም እስከ ነገ እኩለ ቀን ይድረሰን የሚል ነበር። ማርያማዊት ደግሞ ስለ ሠራቻት ሴት የምታውቀው «እትየ ዓባይነሽ» የሚለውን ስምና መንደሩን ብቻ ነው።

ሱቁ የሀገር ልብስ መሸጫ ነው። የሱቁ ባለቤት ሠርክአዲስ በርጩማ ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ከኋላዋ እሷም ከዝናብ የሸሸች በዕድሜ የገፋች ሴት ቆማ፣ የሱቁን እመቤት ሹሩባ ማጅራቷ ላይ ፈትታ እንደገና ትጎነጉናለች።

«የማያውቁትን ሰው እንዲህ ይይዛሉ?» ትላለች ሠርክአዲስ እየሳቀች።

«ተፈቶ እያየሁት ዝም ልበል? ራስሽን አትነቅንቂ!»

ያምሮት ጣቶቹን አየች። የማጅራቱን ክብ አየች። የረጠበችበትን ረሳችው።

«እትየ፣» አለች ድምጿን አለስልሳ፣ «ከቡሬ ወዲያ ነዎት?»

«ነኝ።»

«የማርያማዊትን ፀጉር የሠሩት እርስዎ ነዎት?»

«ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?»

«ኧረ ምን ተበላሸ! ፊቷን የሠራሁ እኔ ነኝ፤ ያምሮት እባላለሁ። ዛሬ ሙሉ ቀን እርስዎን ስፈልግ ነው የዋልሁ።»

«አንቺ ነሽ? እግዜር ይስጥሽ! የዘንድሮ ሙሽሮች ሁሉ ከዱቄት ጆንያ የወጡ ነው የሚመስሉ። ማርያማዊትን ግን የወለደች እናቷ አወቀቻት።»

ያምሮት አልተቀየመችም። ጠይሟን ሙሽራ ቀይ ካላደረጉ ያስዋቡ የማይመስላቸውን እሷም ትሰድባቸዋለች። በዚህ ተበረታታ ነገሩን ሁሉ ዘረዘረችላቸው፤ ውድድሩን፣ ማጣሪያውን፣ ስም የማስመዝገቡን ጉዳይ። ወይዘሮ ዓባይነሽ እጃቸውን ሳያቋርጡ ሰሙና እንዲህ አሉ፦

«ጥሩ ነው ልጄ፤ እንግዲህ በስምሽ አስመዝግቢው።»

«እንዴት?»

«ፊቱንም ፀጉሩንም እኔ ነኝ የሠራሁ በያ። እኔ መርቄ ሰጠሁሽ፤ ማን ይጠይቅሻል?»

እውነት ነው፣ ማንም አይጠይቃትም። ያምሮትም ለአንድ አፍታ ልቧ ከጀለ፤ ሰው ናትና። ግን ባለፈው ዓመት የገዛ ሙሽራዋን ፎቶ አንድ ትልቅ የውበት ሳሎን የራሱ ሥራ አድርጎ ሲያወጣው፣ እንባዋ እየወረደ ሳምንት ሙሉ ስትሳደብ ከርማ ነበር።

«አይሆንም እትየ። ሌባ ስሰድብ ኖሬ ሌባ ልሁን? ስምዎን ከነአባትዎ ይንገሩኝ፤ መድረክም አብረን እንውጣ።»

«ምን ብለው ሊጠሩኝ?»

«የፀጉር ባለሙያ።»

«ባለ እጅ አስብለሽ ልታስጠሪኝ!» ወይዘሮ ዓባይነሽ ድምፃቸው ተቀየረ። «ስሚ፤ እኔ የምሠራ ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ በውለታ ነው። ለልጄ ለደስታው የደኅና ቤት ልጅ ታጭታለታለች፤ የአቶ ገደፋው ልጅ፣ ሠርጉም ጥር ላይ ነው። የሙሽራው እናት በየመድረኩ ፀጉር ሠሪ ተብላ ተጠራች ሲባል፣ ሰዎቹ ነገ ሽማግሌ መልሰው ይልኩብኛል። ለአንድ ሽልማት ብዬ የልጄን ትዳር ላፍርስ?»

አንባቢ ሆይ፣ በሴትዮዋ አትፍረድባቸው። ባለ እጅ የሚለው ቃል በእኛ ሀገር ምን እንደ ተሸከመ ሁላችንም እናውቃለን። ማረሻውን በቀጠቀጠልን ሰው ማረሻ አርሰን፣ እንስራውን በሠራችልን ሴት እንስራ ውሃ ጠጥተን፣ ሰዎቹን ግን ቡዳ ብለን ከማዕድ ስናርቅ የኖርን ነን። ይህን ፍርሃት ወይዘሮ ዓባይነሽ አልፈጠሩትም፤ እኛ ነን ያወረስናቸው።

ያምሮት ግን የሚያዝን ፊት የላትም፤ የሚከራከር እንጂ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ባለቤትዎ ምን ይሠራሉ?»

«ገነነ? ገበሬ ነዋ! ያውም ሞዴል አርሶ አደር። በበቆሎ ተሸልሟል፤ የዞኑ ሰዎች ባሉበት፣ እዚሁ ከተማ።»

«የምስክር ወረቀቱስ የት አለ?»

«ግድግዳ ላይ ነዋ፤ በመስታወት አስገብተነው።»

«ግድግዳው ላይ የት ጋ?»

ወይዘሮ ዓባይነሽ ትንሽ አመነቱ። «ከማርያም ሥዕል ጎን።»

ሠርክአዲስ በሳቅ ፍርስ አለች። «አቤት በቆሎ! ከእመቤታችን ጎን!»

«ዝም በይ አንቺ፤ ራስሽን አትነቅንቂ ብየሻለሁ!»

«እንግዲያስ እትየ፣» አለች ያምሮት፣ «አቶ ገነነ በእጃቸው ያበቀሉት በቆሎ ሲሸለም ክብር ከሆነ፣ እርስዎ በእጅዎ የሠሩት ጎንጉን ሲሸለም ውርደት የሚሆነው በየትኛው ሕግ ነው? በቆሎውም በእጅ ነው፣ ጎንጉኑም በእጅ ነው።»

«መሬት ሌላ ነው ልጄ። ደግሞም ራስን ማወደስ ደግ አይደለም። እኔ ጎበዝ ነኝ ብሎ አደባባይ መውጣት ትምክህት ነው።»

«ማን ራሱን አወደሰ? እኔ ሥራዬን አስቀምጬ ‹እዩት፣ ፍረዱት› ነው የምል። የሚፈራ ሰው ነው ሥራውን ለፍርድ የማያወጣ። ደግሞ ስም የሚጠቅም ለሽልማት ብቻ አይደለም። አንዷ በአንድ ሚዶ መንደሩን ስታበጥር ትውልና ቆረቆር ታዛምታለች፤ ሠሪዋ ስም ስለሌላት ማን ይጠይቃታል? እርስዎ ሚዶዎን በፈላ ውሃ ሳያጥቡ ራስ እንደማይነኩ ማርያማዊት ነግራኛለች። ታዲያ ጠንቃቃዋም ግዴለሿም ‹አንዲት ሴት ሠራቻት› ተብለው እኩል ይቅሩ?»

ይህ ነገር ሴትዮዋን ቆነጠጣቸው። «እኔን ከዚያች ከጨምዳዳዋ ጋር?» አሉ፤ ጨምዳዳዋ ማን እንደሆነች ግን አልተናገሩም። ወዲያው ግን ከንፈራቸውን ነከሱ።

«ሁሉም ልክ ነው። ልጄስ? ሰዎቹ ቢተዉትስ?»

«የእጮኛውን ፀጉር ጥር ላይ ማን ሊሠራት ነው?»

«እኔ ነኛ! እናቷ ከአሁኑ ልካብኛለች።»

«ታዲያ ሰዎቹ እጅዎን ልከው ይለምናሉ፣ ስምዎ ሲጠራ ያፍራሉ ማለት ነው?»

ያምሮትም፣ ምላሷ እንደሚቆርጥ የምታውቅ ልጅ፣ ይህችኛዋን ቃል ቀስ ብላ ነው ያወጣቻት።

«በማርያማዊት ሠርግ ዕለት እርስዎ የት ተቀመጡ?»

«ጓዳ።»

«ዘፋኙስ?»

«ዳሱ ውስጥ፣ ከፊት። ስሙን እየጠሩ ሸለሙት። ሙሽራዋ ስትወጣ እልል ሲባል እኔ አላየኋትም። በሩ ላይ ሰው ሞልቶ ነበር።»

ጣቶቻቸው ከሠርክአዲስ ማጅራት ላይ ቆሙ። ሠርክአዲስ ራሷን መነቅነቅ ቢፈቀድላትም አልነቀነቀችም።

ከዚያ ወይዘሮ ዓባይነሽ የጀመሩትን ጎንጉን እስከ ጫፉ ጨረሱት። እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከመቀነታቸው ትንሿን ስልካቸውን ፈተው ለያምሮት ሰጧት። «የአቶ ገደፋውን ስም ፈልጊና ደውይልኝ።»

ያምሮት ደነገጠች። «አሁን? ትንሽ ቢያስቡበት…»

«ጎትጉተሽ ጎትጉተሽ ደግሞ አሁን ፈራሽ? ደውይ!»

ስልኩ ተነሣ። ወይዘሮ ዓባይነሽም ከዝናቡ በላይ ጮኸው ተናገሩ፦

«አቶ ገደፋው፣ ዓባይነሽ ነኝ! ደኅና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን። ስሜ ባሕር ዳር መድረክ ላይ ሊጠራ ነው፤ ሙሽራ የሠራች ተብዬ። ባለ እጅ ነው ቢሏችሁ አዎ፣ ነኝ። ከሰው ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት። ልጃችሁን የምትከለክሉን ከሆነም ዛሬውኑ ንገሩኝ፤ ልጄ በከንቱ አይድከም።»

ከወዲያ በኩል ጉሮሮ ተጠረገ። «እንግዲህ… ሰው ምን ይል ይሆን?»

«የሚለውን እኔም ስፈራ ነው የኖርሁ። አንቱስ ምን ይላሉ?»

አቶ ገደፋው ምን ሊሉ እንደነበር አልታወቀም፤ ሚስታቸው ስልኩን ነጥቀዋቸዋል። «እትየ! እሱን ይተዉት! ልጅቱ ከእርስዎ በቀር ፀጉሬን የሚነካኝ የለም ብላለች። ሐሳብዎን እንዳይቀይሩብን ብቻ!»

«አልቀይርም። ግን ከእንግዲህ በቀጠሮ ነው። ቀን አስይዙ።»

ሠርክአዲስ ከበርጩማዋ ልትወድቅ ደረሰች። ያምሮትም ስልኳን አውጥታ መጻፍ ጀመረች። ወይዘሮ ዓባይነሽ በትከሻዋ በኩል አንገታቸውን አስግገው ተመለከቱ።

«የማን ስም ነው መጀመሪያ የገባ?»

«የእኔ። የላክሁት እኔ ስለሆንሁ…»

«ፀጉር ከፊት በላይ ነው። የእኔ ይቅደም።»

ያምሮት ኩራቷ ቆነጠጣት። የማንንም ስም ከራሷ አስቀድማ አታውቅም። ስልኩን አየች፣ ሴትዮዋን አየች፣ ከዚያም ደምስሳ «ዓባይነሽ» ብላ ከላይ ጻፈች፤ መንደሩንም ጨመረች፤ ላከችው።

ባሕር ዳር አንደኛ አልወጡም። አንደኝነቱን አንዲት የጎንደር ልጅ ወሰደችው፤ እነሱ ሁለተኛ ሆኑ። ያምሮትም እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ የዳኞቹን ዓይን ስታማ መጣች፤ እስከ ዛሬም አልተወቻቸውም። ስማቸው በመድረክ መነበቡ ያመጣው ውጤት ግን ከዋንጫው የሰፋ ሆነ። ዛሬ ቡሬ ዙሪያ ሠርግ የሚደግስ ቤት ፀጉር ሠሪዋን ዋጋ ተነጋግሮ፣ ቀን ይዞ ይጠራታል፤ ዳሱ ውስጥም መቀመጫ ይሰጣታል። ለየሙሽራዋ የታጠበ ሚዶ ይቀርባል። ሙሽሮቹም በገዛ መልካቸው ይወጣሉ፤ ሌላ መልክ የጠየቀች የያምሮትን ምላስ ትቀምሳለች። ሹሩባ መሥራታቸውን ይደብቁ የነበሩ ልጆች አሁን ሙያችን ነው ይላሉ። ማንም ከሥራው ጋር ስሙን ሲያወጣ ሥራው ይጠራል፤ ሥራው ሲጠራ ሀገሩ ያምራል። ያምሮት ይህን ስትናገር ጣቷን ታነሣለች፤ አንሺ ያላትም የለም።

ጥር ላይ ደስታው አገባ። ሠርጉ ባለፈ በሳምንቱ ወይዘሮ ዓባይነሽ ቤት አንዲት ልጅ መጣች፤ ከአዊ በኩል የመጣች ዓይነ አፋር ናት። ሙያውን ልማር ብላ በሩ ላይ ቆመች።

«ግቢ። መጀመሪያ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ከዚያ ስምሽን ንገሪኝ።»

ልጅቱ ታጥባ መጣችና አንገቷን ደፍታ፣ «የአቶ ክንዱ ልጅ ነኝ» አለች።

«የማን ልጅ ነሽ አላልሁም። ስምሽን ነው የጠየቅሁ።»

«አቻምየለሽ።»

«አልሰማሁም።»

«አቻምየለሽ!»

«በይ አቻምየለሽ፣ ሚዶውን ያዥ።»