ማንም ያላየው ክር

ክልሎች በተቋቋሙ ሰሞን፣ ወደ ሆሞሻ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከአክስቱ ጋር ተቀምጦ ነበር።

«አዲሱ ክልላችን አዲስ አበባ ልኮህ ምን ተማርክ?»

«ፊዚክስ። ጥቃቅን ነገሮችን የሚያጋጭ ትልቅ ማሽን አለ፤ ያልተጠበቀ ምልክት ያሳያል።»

«ከምን መጣ?»

«አልታወቀም። ሁሉም ነገር ከሚርገበገብ ቀጭን ክር የተሠራ ነው የሚሉ አሉ። ምናልባት ምልክቱ ከዚያ ይሆናል።»

«ክሩን ማን አየው?»

«ማንም። ግን ሒሳቡ ያምራል። እኔ አምናለሁ።»

«ወላሂ? የአያትህን ክታብ ከአንገቱ የበጠስከው ‹ጂኑን ማን አየው?› ብለህ አይደል?»

«አክስቴ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ።»

«አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ያወቅኩ መስሎኝ ነው።»

«እስኪሞት ድረስ አንገቱን እየዳበሰ ይፈልገው ነበር።»



እኔም ሆሞሻ እስክንደርስ ድረስ የአንገቴን ማተብ እንደጨበጥኩ ነበር።