ለብስክሌት መንገድ ዋስ የሆኑት የአቶ ይሄነው አራጌ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ከወግዲና ከወረኢሉ፣ ከአቀስታም ድረስ የመጣችሁ ወገኖች፤ ይህን ጽሑፍ እንዳነብ የታዘዝሁት እኔ ብዙነህ ዋለ የሟች የእናታቸው ወንድም ነኝ። በቁም ሳሉ አንተ እያልሁ ሳዝዛቸው የኖርሁትን ሰው ዛሬ በአንቱታ ማንሣቱ ለገዛ ጆሮዬም አልለመደልኝምና ድምፄ ቢሰናከል አትፍረዱብኝ።

አቶ ይሄነው አራጌ ከአባታቸው ከአቶ አራጌ አበቡ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እናኑ ዋለ በወግዲ ወረዳ ጥር 12 ቀን 1970 ዓ.ም. ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ወግዲ፣ ሁለተኛ ደረጃን እኔ ቤት ተቀምጠው መካነ ሰላም ከተማሩ በኋላ፣ ደሴ በመምህርነት ሠልጥነው በአቀስታ የጂኦግራፊ መምህር ሆኑ። ከኮምቦልቻ ያገለገለ ብስክሌት ገዝተው፣ ቅዳሜና እሑድ በእግረኛ መንገዱ ሁሉ መዞር የጀመሩት በዚያ ብርድ አገር ሳሉ ነው። በጭቃ ተለውሰው ደጄ ላይ ሲደርሱ፣ ደመወዝ ያለው ሰው ምን ጎድሎት ነው እንዲህ የሚንከራተት እያልሁ እስቅባቸው ነበር።

በ1996 ዓ.ም. ከሥራ ባልደረባቸው ከመምህርት የትምወርቅ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ብርሀንነሽንና በእውቀቱን ወለዱ። ቆይተውም ወደ መካነ ሰላም ተዛውረው በቱሪዝም ሥራ ላይ ሲመደቡ፣ ሌሎቻችን ስናየው ኖረን ያላስተዋልነውን ነገር አስተዋሉ። በመኪና የሚመጣ ጎብኚ ጭላዳውን በመስኮት አይቶ፣ የሚጠጣውን ውኃ እንኳ ከአዲስ አበባ ይዞ መጥቶ፣ ለእኛ አቧራውን ትቶልን ይመለሳል፤ በብስክሌት በተራራው የሚጓዘው ግን ስለሚደክመው ያድራል፣ ስለሚርበው ይበላል፣ ጓዙን በበቅሎ ያስጭናል፣ አገሩን ስለማያውቅም መሪ ይቀጥራል። አንድ ብስክሌተኛ ባደረበት ቀበሌ አምስት ቤት ይጠቀማል እያሉ በየስብሰባው ሲናገሩ አብዛኞቻችን የምንሰማቸው ለይሉኝታ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. አንድ ጉዞ አዘጋጅ ከአዲስ አበባ አስመጥተው፣ ከከተማው ዳር እስከ ደንቆሮ ጫካ አፋፍ የሚደርስ የብስክሌት መንገድ እንዲከፈት፣ ሠላሳ አንድ አባወራ ከገብስ ማሳው ላይ ሁለት ክንድ የሚሰፋ መሬት ሳያርስ እንዲተው ጠየቁ። እንግዳው ባይመጣስ፣ ከብትስ በዚያ ገብቶ አዝመራችንን ቢፈጅስ፣ ሰውየው ዋስ ይጥራ ብዬ የተነሣሁት እኔ ነኝ። አዘጋጁ በአገራችን ዘመድ አልነበረውምና ዋስ አጥቶ ሲቆም፣ አቶ ይሄነው ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ ዋሱ እኔ ነኝ፣ እንግዳ ቢቀር ጉዳታችሁን በጉልበቴ እክሳለሁ፣ ነገሩ እስኪለይለትም አገር አልለቅም ብለው በሽማግሌ ፊት ቃል ሰጡ።

እንግዶቹም መጡ። ወይዘሮ አልታየች ሁለት ክፍል ጨምረው ማደሪያ አደረጉ፣ አቶ ፋሩቅ የበቅሎዎቻቸውን ቁጥር አበዙ፣ ወይዘሮ ኡምኩልሱም እንቁላሉንና ማሩን ገበያ ሳይወጡ ከደጃቸው ሸጡ፤ የሳቅሁባቸው እኔም በግ አርጄ ለእንግዶች ያቀረብሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚያ በኋላ ዓለሙን ያዳረሰው ወረርሽኝ መጣ፣ አገሩም ሰላም አጣ፣ የመኪናው መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፣ እንግዳው ቀረ፤ የአዘጋጁም ስልክ አልነሣ አለ።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አቶ ይሄነው ከቢሮ ሲወጡ፣ ቅዳሜንም እሑድንም፣ በሠላሳ አንዱ ማሳ ላይ በየተራ ሲያርሙ፣ ሲያጭዱና አጥር ሲያጥሩ ኖሩ። መምህርት የትምወርቅ ወደ ኮምቦልቻ ተዛውረው ልጆቹን ይዘው ሲሄዱ እርሳቸው ቀሩ። ሐዋሳ ከሚገኝ አስጎብኚ ድርጅት ጥሩ ሥራ ባገኙ ጊዜ ከዋስነቱ እንድናወርዳቸው ለመኑን፤ እኛም የእንግዳው ነገር ገና አልለየለትም፣ ዋስ አገር ጥሎ አይሄድም ብለን መለስናቸው። እውነቱን በዚህ በሬሳቸው ፊት ልናገር፤ የያዝናቸው መሬቱ ተጎድቶብን አልነበረም። ጥቅሙን ቀምሰን ስለ ነበር፣ እርሳቸው ከሄዱ እንግዳ የሚያመጣልን የለም ብለን ፈርተን ነው። የብስክሌቱን መንገድ መልሰን ብናርሰው ዋስነቱ በዚያው ቀን ያበቃ ነበር፤ ይህን ሁላችንም እያወቅን ሞፈር ያነሣ አንድም ሰው አልነበረም።

ባለፈው ኅዳር የኩላሊት ሕመም እንዳለባቸውና ቶሎ አዲስ አበባ ሄደው፣ እዚያው ተቀምጠው መታከም እንደሚገባቸው ሐኪም ነገራቸው። በማግስቱ እኔ ዘንድ መጡ። ፊታቸው አብጦ ነበር። እኔም አጨዳው ይለቅና በማኅበሩ ዕለት ከሽማግሎች ጋር እናየዋለን አልኋቸው፤ እርሳቸውም እሺ ብለው ማጭዳቸውን ይዘው ወደ ማሳ ወረዱ። ማኅበሩ ሳይደርስ የመኪናው መንገድ ተዘጋ። ሲከፈት መምህርት የትምወርቅ መጥተው በሚኒባስ ይዘዋቸው ቢነሡም፣ ወረኢሉ ላይ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ። ከዚህ አገር ለመልቀቅ ብለው የሄዱት እስከዚያ ድረስ ነው።

አቶ ይሄነው ባለቤታቸውን መምህርት የትምወርቅን፣ ልጆቻቸውን ብርሀንነሽንና በእውቀቱን፣ እናታቸውን እኅቴን ወይዘሮ እናኑን ትተው ተለይተዋል። ትናንት ሠላሳ አንዳችንም ተሰብስበን፣ አቶ ፋሩቅ ዱዓ አድርገው፣ ካህኑም ባርከው፣ ከዋስነታቸው አውርደናቸዋል። የፈጀብን የአንድ ሰዓት ንግግር ነው። በዕድሜ ተራው የእኔ ነበር፤ አንባቢውም እርሳቸው መሆን ይገባቸው ነበር።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ዋስ በማይጠየቅበት አገር ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸው መጽናናትን፣ ለእኔም ይቅርታን ይስጥ። አሜን።