ወራጅ አለ ያልንበት ክፍለ ጊዜ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤ ለዚህ የጡረታ መሸኛዬ ዝግጅት ለደከማችሁ ሁሉ፣ በተለይ ገበያ ወጥታ ይህን ጋቢ ለመረጠችልኝ ለፈሂማ፣ አላህ ይስጥልኝ። ጋቢው ያምራል። የቅድሙ ንግግር ግን አላማረኝም፤ መልስ አለኝ።

ርዕሰ መምህራችን አቶ ሽታው «መምህርት መስኡዳን በመጨረሻ ቀለል ያለ ሥራ ሰጥተን አሳረፍናቸው» ሲሉ አጨበጨባችሁ። እንዴት እንዳረፍኩ ላውጋችሁ?

አስራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ሳስተምር «አላይት» የሚል ቃል ገጠመን። ከመኪና መውረድ ማለት ነው። ሒክማ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ‹ጌት ኦፍ› አልነበር እንዴ የምንለው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሰው ሲያወራ ‹ጌት ኦፍ› ይላል፤ ‹አላይት› የሚበዛው በማስታወቂያና በጽሑፍ ላይ ነው። ወፍ ሐይቅ ዳር መጥታ ስታርፍም አላይት ነው፤ እሳት የያዘው ነገርም አላይት ይባላል። ይህን ሁሉ ሰሌዳ ላይ ብደረድረው ማን ያስታውሰዋል?

ስለዚህ ወንበሮቹን ደርድረን የውጫሌ ሚኒባስ ሠራን። ሒክማ ረዳት ሆነች። ወራጅ አለ ያለ ሁሉ የት እንደሚወርድ በእንግሊዝኛ ካልተናገረ በሩ አይከፈትለትም። በክፍል ውስጥ ድምፁ ተሰምቶ የማያውቀው ሙሀይሚን እንኳ ጣፍጦት ደጋግሞ ወረደ።

አቶ ሽታው በሩ ላይ ቆመው «ይሄ ክፍል ነው መናኸሪያ?» አሉ። በተማሪዎቼ ፊት። በሳምንቱ የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ ሰጡኝ። «ለእድሜዎ አስበን ነው» አሉኝ። ክፍሌን ማን ወሰደው? የባለቤታቸው ወንድም። ልጆቹ ለፈተና ጥቂት ወራት ቀርቷቸው ነበር። በዚያ ቀን አለቀስኩ።

እናንተስ? በሻይ ሰዓት «አይዞሽ» ትሉኛላችሁ፤ ስብሰባ ላይ ጣሪያ ጣሪያ ታያላችሁ። ቂም ይዣለሁ፣ አልዋሽም። ሁለት ዓመት ሙሉ አቧራ እየጠረግሁ ይህን ማይክ ስጠብቅ ነበር።

በሉ እጃችሁን ዘርጉ፤ በወሎ ደንብ ሳልመርቅ አልሄድም።

አላህ ጤና ይስጣችሁ። አሚን በሉ። ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። አሚን። ስብሰባ ላይ የሚናገር አፍ ይስጣችሁ። ይቺኛዋን ጠንከር አድርጋችሁ በሉ።

ለአቶ ሽታው ደግሞ ረጅም እድሜ ይስጥልኝ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስም ልክ እንደ እርስዎ ያለ አለቃ ይስጥዎ።

አሚናችሁስ? አቶ ሽታው፣ እጅዎን አይሰብስቡ፤ ምርቃት ነው። አሚን ይበሉ።