ወር የሚቀድምበት ቤት

አጥር የሚለየን ጎረቤቴ ጽጌ፣ ባሏ ለትምህርት ራሺያ ከሄደ ወዲህ ደብዳቤ ሳይሆን ድምፁን በካሴት ነበር የሚልክላት። አንድ ቀን ከዚያ የመጣ ሰው ሁለት ካሴት ባንድ ላይ አምጥቶ ሰጣት። እኔ መቼም እንግዳ አያመልጠኝም፣ ተከትዬ ገባሁ። በአንዱ «ጨርሻለሁ፣ እመጣለሁ፣ ጠብቂኝ» ይላል። በሌላው ደግሞ «ቆይ ብለውኛል፣ አትጠብቂኝ»። ታዲያ የኋለኛው የትኛው ነው? ባሏ በላያቸው ላይ ቁጥር ብቻ ነው የጻፈው፤ እመጣለሁ በሚለው ላይ 6/5፣ አትጠብቂኝ በሚለው ላይ 5/6።

«እትዬ፣ ቀኑ ነው ወሩ የሚቀድመው?» አለችኝ።

«እኔ ምኑን አውቄ! ምናለ እንደ ሰው ጥር፣ የካቲት ብሎ ቢጽፍ!» ብዬ ታቦር ሰፈር ወደሚኖሩት አስተማሪ ሮጥኩ።

«የሚቀድመው ቀን ነው» አሉኝ። «እመጣለሁ ያለው ጥር ስድስት ነው። አትጠብቂኝ ያለው የካቲት አምስት፣ ከዚያ በኋላ።»

ስመለስ ጽጌ ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። ፊቴን አየችው።

«አይንገሩኝ እትዬ» አለች። «እኔ ቤት ወር ነው የሚቀድመው።»

እኔ «ሆዷ ወሬ አይቋጥርም» እባላለሁ፤ ይቺን ግን ቋጠርኳት። ከዚያ ወዲህ አመሻሽ ላይ በአጥሩ በኩል እሰማታለሁ። መጀመሪያ «አትጠብቂኝ»ን ታሰማና «እመጣለሁ»ን ለመጨረሻ ታስቀራለች። እሱ «እመጣለሁ» ባለ ቁጥር እኔም ሳላስበው ወደ በሯ ዞር እላለሁ።