የተኛች አትቀሰቀስም

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሯ ስም፦ በተለየ ወረቀት ተመዝግቦ ተይዟል፤ በጓደኞቿ ዘንድ "ዳኛዋ" ተብላ ትጠራለች
ዕድሜ፦ 41
ሥራ፦ በሰው ቤት ተቀጥራ አሮጊት የምታስታምም፣ የውጭ አገር ዜጋ
አድራሻ፦ በአሠሪዎቿ ቤት፤ በእረፍት ቀን ከጎማ ጥገናው በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የመጨረሻው ክፍል
ጉዳዩ፦ የአንዲት የቤት ሠራተኛ ድንገተኛ ሞት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሰኞ ከጠዋቱ 4፡10፣ በአስተርጓሚ

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ምስክር ስለ ሟች የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ሟችን ያወቅኋት ከሦስት ዓመት በፊት ለሥራ ስንመጣ በአውሮፕላን አጠገቤ ተቀምጣ ነው። ዕድሜዋ 24 ሲሆን ከሳቋ ብዛት "ፍልቅልቋ" እንላታለን። እሷ እትዬ ትለኛለች። የሥጋ ዝምድና የለንም፤ ነገር ግን እናቷ በስልክ "አደራሽን" ስላሉኝ እንደ ልጄ ነው የያዝኳት።

እኔ፣ ሟችና አንዲት ወጥ ቤት ጓደኛችን የምናድረው በየአሠሪዎቻችን ቤት ስለሆነ፣ ለእሑድ ብቻ የሚሆን አንድ ክፍል በጋራ ተከራይተናል። አንድ አልጋ፣ ሁለት ፍራሽና ድምፅ የሌለው ቴሌቪዥን አለን። የክፍሉ ሕግ አንድ ነው፤ እሱንም ያወጣሁት እኔ ነኝ። የተኛች አትቀሰቀስም። የቀሰቀሰች የዕለቱን ዕቃ ብቻዋን ታጥባለች። ይህን ያልኩት ስድስቱን ቀን ሁላችንም እየተቀሰቀስን ስለምንኖር ነው። እኔን አሮጊቷ ግድግዳውን በምርኩዝ እየደበደቡ ይቀሰቅሱኛል፤ ሟችን የሕፃን ልቅሶ፣ ወጥ ቤቷን ደወል ይቀሰቅሳቸዋል። እሑድን እንኳ እንደ ሰው በራሳችን ጊዜ እንንቃ ብዬ ነው። "ዳኛዋ" የተባልኩትም በዚሁ ሕግ ነው።

ትናንት እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ሟች መጣች። አምስት እሑድ በተከታታይ እረፍት ተከልክላ ነበር። ከጆሮዋ በላይ አብጦ ስላየሁ "ምን ሆነሽ ነው?" አልኳት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መስኮት ስትወለውል ከመሰላል ወድቃ ጭንቅላቷን የጠረጴዛ ጠርዝ እንደመታት ነገረችኝ። "እትዬ ሙች፣ የተጎዳው ጠረጴዛው ነው፤ ሄደሽ እሱን ጠይቂው" ብላ ሳቀች። ለአሠሪዎቿ ያልተናገረችው እረፍቷን እንዳይከለክሏት ፈርታ መሆኑን ገለጸችልኝ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት "ዛሬን ተዪኝ፣ እንቅልፌን ልጥገብ" አለች። እኔም ተውኳት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውን የማላውቅ ሴት አይደለሁም፤ ስትስቅ አይቼ ተዘናጋሁ። ሻይዋን ግማሽ ጠጥታ 4 ሰዓት ላይ ተኛች።

ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ማንኮራፋት ጀመረች። በሦስት ዓመት ውስጥ ስታንኮራፋ ሰምቻት አላውቅም። ወጥ ቤቷ "ይቺ ልጅ መጋዝ ዋጠች እንዴ?" ስትለኝ ሁለታችንም አፋችንን በፎጣ አፍነን ሳቅን። ስትነሳ እንድናበሽቃት ብዬ ድምፁን በስልኬ ቀዳሁት። ወጥ ቤቷ "ኧረ በጎኗ እናስተኛት" ብላ ትከሻዋን ልትነካ ስትል እጇን የያዝኩት እኔ ነኝ። ይህን ማንም ሳያስገድደኝ እናገራለሁ።

ከዚያ በኋላ በእግር ጣታችን ነበር የምንሄደው። እንዳይንኳኳ ብለን ዕቃ አላጠብንም። ታች ጎማ የሚጠግነው ሰውዬ መዶሻ ሲያነሳ በመስኮት ብቅ ብዬ ተቆጣሁት፤ እሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቅርታ ጠየቀኝ። 9 ሰዓት ላይ ማንኮራፋቱ ቆመ። እኔም "እሰይ፣ አሁን ገና ተመቻት" ብዬ ብርድ ልብስ ደረብኩላት።

10፡30 የመመለሻችን ሰዓት ነው። በሕጋችን መቀስቀስ የሚፈቀደው ያን ጊዜ ብቻ ነው። "ተነሺ ልጄ፣ አውቶቡስ ያመልጥሻል" ብዬ እግሯን ስነካት ቀዝቅዟል። ወጥ ቤቷ ውኃ ረጨችባት። ከዚያ በኋላ ጮኼ ይሆናል፤ አላስታውስም። ጎማ ጠጋኙ ደረጃውን ሮጦ ወጥቶ አምቡላንስ ጠራ።

በሐኪም ቤት፣ ከመሞቷ በፊት በጭንቅላቷ ውስጥ ደም ሲፈስ እንደነበር ተነገረኝ። ሐኪሙ የቀዳሁትን ድምፅ ሁለት ጊዜ ካዳመጠ በኋላ ይህ እንቅልፍ እንዳልሆነ፣ ራሷን የሳተች ሰው ትንፋሽ እንደሆነ አስረዳኝ። በዚያ ሰዓት ብናመጣት ልትተርፍ ትችል እንደነበር ጨምሮ ገለጸልኝ። እናቷ ዛሬ ጠዋት ሁለት ጊዜ ደውለዋል፤ አላነሳሁም።

ስልኬን ለማስረጃ አስረክቤአለሁ። ቅጂው አርባ ሰከንድ ነው። መጨረሻው ላይ "ተዪያት፣ ትተኛበት፤ ዛሬ የሷ ቀን ነው" የሚለው ድምፅ የእኔ ነው።

ቃሌ በአስተርጓሚው ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ የጨመርኩትም የደበቅኩትም የለም። እውነት ስለመሆኑ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ (መፈረም ስላልቻለች የጣት አሻራ ተወስዷል)
የአስተርጓሚው ፊርማ፦ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ____________