የእከሌ ግንብ

ሰውዬው ትልቅ መዶሻ ተሸክሞ ወደ ሱቁ ሲገባ ባለሱቁ እጀታ ሊያስቀይር የመጣ መሰላቸው። ከጥግ የእንጨት እጀታዎች አምጥተው ባንኮኒው ላይ ደረደሩለት። የቱ ቶሎ እንደሚሰነጠቅ፣ የቱ ለመዳፍ እንደሚመች አንድ በአንድ አስረዱት። ሰውዬው በትዕግሥት ሰማቸው።

«እጀታውስ ደህና ነው፣ አባባ» አለ ሲጨርሱ። «ግንብ ላፈርስ ነው የመጣሁት።»

«የማንን ግንብ?»

«የእርስዎን።»

ከኋላው ሁለት የቀን ሠራተኞች አካፋና ዲጅኖ ይዘው ደጃፉ ላይ ቆመዋል።

እኔ በቀለም ቆርቆሮዎቹ መካከል ቆሜ ነበር። የአካባቢያችን ምክር ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ የሱቁ ባለቤት ደግሞ የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ነበሩ። በየስብሰባው ዋዜማ የአጀንዳውን ረቂቅ ይዤላቸው እሄዳለሁ። ምስማር እየመዘኑ ያነቡታል። ያልጣማቸውን ነጥብ በእርሳስ ይሰርዙና «ይሄ ይደር» ይሉኛል። ሰዉ ከኋላቸው «አባ ይደር» የሚላቸውም በዚህ ምክንያት ነው። ክፉ ሰው አይደሉም። ጉቦ ሲቀበሉ ያየ የለም፤ የተጣላ ሲያስታርቁ ውለው ያመሻሉ። ብቻ ሰብሳቢ ሲሆኑ እኔ ገና ፊደል እቆጥር ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ስመለስም እዚያው ወንበር ላይ አገኘኋቸው።

ባለመዶሻው ከኪሱ የታጠፈ ትዕዛዝ አውጥቶ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ከትምህርት ቤቱ በስተጀርባ ባለው መተላለፊያ ላይ ያዘመመው የእከሌ ግንብ ለሕፃናት አደገኛ ስለሆነ ይፍረስ።»

«ይሄማ እኔን አይመለከትም!» አሉ አባ ይደር።

«ፊርማው የእርስዎ አይደለም እንዴ?»

«ፊርማውማ የእኔ ነው። ግንቡ ነው የእኔ ያልሆነው።»

«መተላለፊያው ውስጥ ያዘመመ ግንብ ብዬ ስገባ መጀመሪያ ያገኘሁት የሱቅዎን ጓሮ ነው። ዘመም ብሏል።»

«እሱ አባቴ ሲገነቡትም ዘመም ያለ ነው!»

ከሠራተኞቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

እዚህ ላይ የምክር ቤታችንን ልማድ መግለጽ ያስፈልጋል። በጉባኤያችን የሰው ስም በክፉ አይነሳም ነበር። ውሃ የሚሰርቅ «አንድ ግለሰብ» ነው፤ ቆሻሻ መንገድ ላይ የሚደፋ «አንዳንድ ወገን» ነው፤ የቀረው ሁሉ «እከሌ» ነው። ስም የጠራ ተመራጭ በስም ማጥፋት ሊከሰስ ስለሚችል ሁሉም ነገሩን ሾላ በድፍን አድርጎ መናገርን ተምሯል። ባለፈው ስብሰባ ግን ከተመራጮቹ አንዷ፣ ወጣት መምህርት፣ የግንቡን ባለቤት፣ የመጋዘን ጌታ የሆነውን ሰው፣ በስሙ ጠራችው። አባ ይደር ወደ እኔ ዘንበል ብለው «እከሌ ብለሽ ጻፊ» አሉኝ፤ እኔም ጻፍኩ። ውሳኔው በአንድ ድምፅ ጸደቀ፤ የእከሌን ግንብ ማፍረስ የሚቃወም አልነበረም። በማግሥቱ ወሬው ከአዳራሹ ወጥቶ ባለመጋዘኑ ጆሮ ገባ። መምህርቷ ተከሰሰች።

ይህን እያሰብኩ ሳለ ራሷ መምህርቷ ለጥቁር ሰሌዳ ማያያዣ ምስማር ልትገዛ ገባች።

«ነይ ግቢ፣ ልጄ!» አሏት አባ ይደር። «ግንብ ግንብ ስትይ ይኸው የኔኑ ሊንዱት መጡ።»

ትዕዛዙን ተቀብላ አነበበች። «እኔ ስሙን ጠርቼ ነበር፣ ጋሼ። እከሌ ያሉት እርስዎ ነዎት።»

«ላንቺው ብዬ እኮ ነው! ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም። እንደ ጓደኞችሽ ሸፈን አድርገሽ ብትናገሪ ኖሮ የፍርድ ቤት ደጅ ባልጠናሽ ነበር።»

«ለእኔ አስበው እንደሆነ አውቃለሁ። እንዲያውም እርስዎን እዚህ ማግኘቴ ጥሩ ሆነ። ነገ ከስብሰባው በፊት ከምክር ቤቱ ልለቅ ነው። የስብሰባ ቀን ከደመወዜ ይቆረጣል፤ አሁን ደግሞ የክስ ቀጠሮ ተጨመረበት። እናቴ በእኔ እጅ ናት። እንግዲህ ምን ላድርግ?»

አባ ይደር ምስማር መመዘኑን ተዉ። እርሷ ከወጣች ከትምህርት ቤቱ በኩል የሚናገር ተመራጭ አይኖርም፤ ግንቡም እከሌ እንደተባለ ልጆች ላይ ይወድቃል። ይህን እሳቸውም ያውቁ ነበር። ይዤው በሄድኩት አጀንዳ ላይ ግን ደጋግመው ያሳደሩት አንድ ረቂቅ ደንብ ነበረ። የበላይ ሕጉ ጉዳዩን ለየምክር ቤቱ ውሳኔ ትቶታል፤ ስለ ተመራጮች አበል፣ ስለ ከለላቸውና ስለ ሰብሳቢነት የሚደነግግ ነው። እርሳሳቸው ያን ዕለትም እላዩ ላይ አርፎ ነበር።

«ያ ረቂቅ ቢጸድቅ ኖሮ መልቀቅ አያስፈልገኝም ነበር» አለች መምህርቷ።

«ተይኝ እስቲ፣ ልጄ! ሕዝብን ማገልገል ክብር ነው። ክብር ደግሞ አይሸጥም። ገንዘብ አለው ሲባል ሆዱን የሚያስቀድም ሁሉ ይሰለፋል።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት? እርስዎ ስብሰባ ሲገቡ ሱቁን ማን ይጠብቃል?»

«ልጄ ነዋ።»

«የሌላውን ተመራጭ፣ የባለዳቦ ቤቱንስ?»

«ወንድሙ።»

«የባለፋርማሲውንስ?»

«ሚስቱ ትጠብቃለች። ምን ልትይ ነው?»

«ቤት አከራዩማ ተኝቶም ይከፈለዋል። ሹፌሩ ግን ከእኔ በፊት ተመርጦ ነበር። ለምን ተወው?»

ባለመዶሻው ሳይጠሩት ገባበት።

«እኔንም የሰፈሬ ሰዎች ተወዳደር ብለውኝ ነበር። በቀን ሥራ የሚያድር ሰው ቀኑን ከሰጠ ማታ ክብር ቀቅሎ ይብላ?»

«አንተ ደግሞ ግንብህን አፍርስ!» አሉት አባ ይደር።

«የትኛውን?»

ሠራተኞቹ ሳቁ። መምህርቷ ግን ቀጠለች።

«ጋሼ፣ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚባለው ከየት የመጣ ይመስልዎታል? በግልጽ ያልተከፈለ ሰው ነው በስውር የሚከፈለው። ረቂቁ ደመወዝ አይልም። በስብሰባ ምክንያት የቀን ገቢውን ያጣ ያጣው ይተካለት፤ ያላጣ አይቀበል፤ የተከፈለውም በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ ነው የሚለው። ያን ጊዜ ሱቅ የሌለውም ሰው ተመርጦ መቀመጥ ይችላል።»

«ይለጠፍ ይላል?»

«ይላል። እስከ መጨረሻው አንብበውታል?»

አባ ይደር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሰረዙትን ነገር አለማንበብ በሰብሳቢዎች ዘንድ አዲስ አይደለም፤ ሰው የሚፈራውን ነገር በርዕሱ ብቻ ይፈርድበታል።

«እሺ፣ የአበሉስ ነገር ይሁን» አሉ። «አለመከሰስ የሚሉት ግን አይዋጥልኝም። ተመራጭ ስለሆነ ሰው ሲሰድብ፣ ሲሰርቅ አይጠየቅ?»

«ቢሰርቅ እንደማንም ይታሰራል። መንገድ ላይ ቢሳደብ እንደማንም ይከሰሳል። ከለላው ለሰውዬው አይደለም፤ በጉባኤው ውስጥ ስለ ጉባኤው ሥራ ለተነገረ ቃል ነው። ከአዳራሹ በር ስወጣ እኔም ተራ ሰው ነኝ። እዚያው ውስጥ ሆኖ መረን የሚለቅ ቢኖርም ሥርዓት የሚያስይዘው ሰብሳቢው ነው።»

«ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶች።»

«ዝም ባይነቅዝም ግንቡ ይሰነጠቃል፣ ጋሼ። ልጆቹ በሥሩ ነው የሚያልፉት። ትናንት አንዷ ከላዩ የወደቀ የልስን ቁራጭ አንስታ፣ ጠመኔ አገኘሁ ብላ ክፍል ይዛልኝ መጣች።»

ባለመዶሻው መዶሻውን መሬት አስነክቶ ተደገፈበት።

«አባባ፣ ቀኑ እየሄደብን ነው» አለ። «የእርስዎ ካልሆነ የማን ነው?»

«ያ ከእኔ ቀጥሎ ያለው ነዋ።»

«በጥቆማ አላፈርስም። ነገ ባለቤቱ ስሜ የታለ ብሎ ያስይዘኛል። እዚህ ላይ ስሙን ይጻፉልኝና ልሂድ።» ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ዘረጋላቸው።

አባ ይደር እርሳሳቸውን አነሱ። የዚያ ሰው ስም በእሳቸውም፣ በመምህርቷም፣ በእኔም አፍ ላይ ነበር። ወደ ደጅ አዩ፤ መንገደኛ ያልፋል። እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አሳርፈው ቆዩና መልሰው አስቀመጡት።

«እከሌ ነው አልኩህ እኮ!» አሉ በቁጣ።

«እከሌ ቤት የለውም፣ አባባ። ይሄን ከተማ ስቆፍር ነው የኖርኩት፤ የእከሌን በር አንኳኩቼ አላውቅም።»

ሠራተኞቹ እንደገና ሳቁ። መምህርቷ አልሳቀችም።

«አይጻፉ፣ ጋሼ» አለቻቸው በቀስታ። «ጉባኤው ያልጻፈውን ስም እዚህ ብቻዎን ከጻፉት እርስዎንም እንደ እኔ ይከስዎታል። ስሙ የሚነሳው በጉባኤ ነው። እዚያ እንዲነሳ ደግሞ ደንቡ ይቅደም።»

አባ ይደር በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ።

«ስም መጥራት ሲያስፈራ እንዲህ ነው እንዴ የሚያደርገው?» አሉ። «በገዛ ሱቄ፣ በገዛ ግንቤ ተይዤ አፌ ተሳሰረ።»

«እኔም ያን ዕለት ፈርቼ ነበር።»

አባ ይደር በጎን አይተዋት፣ «ሰብሳቢነት ከሁለት የምርጫ ዘመን አይበልጥም የሚለውስ?» ሲሉ ጠየቁ። «እሱን እንኳ ለእኔ ብላችሁ ነው የጻፋችሁት። ልምድ ይጣል ነው?»

«ልምድዎ የት ይሄዳል? ከተራው መቀመጫ ሆነውም ይመክሩናል። ግን ልጠይቅዎት። ይህ ረቂቅ ለውይይት ይቅረብ አይቅረብ የሚወስነው ማን ነው?»

«እኔ።»

«ብቻዎን?»

«ልማዱ እንደዚያ ነው።»

«እርስዎ ደግ ሰው ነዎት፤ ልማዱ በእጅዎ ብዙ አልከፋም። ነገ በዚያ ወንበር እከሌ ራሱ ቢቀመጥበትስ? የፈለገውን ሰርዞ፣ የፈለገውን ያህል ዘመን ቢቀመጥ በምን እንከለክለዋለን? ሕግ የሚወጣው ለደጉ ሰው አይደለም፣ ጋሼ። ከደጉ ቀጥሎ ለሚመጣው ነው።»

አባ ይደር እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። እንዲህ ተረትተው ድምፃቸውን ከፍ አለማድረጋቸው የሚያስመሰግናቸው ነው፤ ብዙ ሰው አይችልበትም።

«ረቂቁን አምጪው» አሉኝ። መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡ። «ከተመራጮች ሲሶው የደገፈው ጉዳይ ሰብሳቢው ባይወድም በአጀንዳ ይያዛል» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቅንድባቸው ተነሳ፤ ግን አልሰረዙትም።

«አስቸኳይ ስብሰባ ጥሪ» አሉኝ።

«ለነገው ተጠርቷል እኮ፣ ጋሼ።»

«ለዛሬ ከሰዓት በኋላ!»

ሌላ ሰው የተናገረ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ። እሳቸው ግን ወደ ባለመዶሻው ዞረው ነበር። «እናንተ እስከዚያ መተላለፊያውን በገመድ ዝጉት። መንገድ ለመዝጋት የማንም ስም አያስፈልግም። የዛሬ ቀናችሁን እኔ እችለዋለሁ።»

«ያጣነው ይተካልን ማለትዎ ነው?» አለ ባለመዶሻው።

«ሂድ ከዚህ፣ አንተ አፈኛ!» አሉት፤ ይህን ሲሉ ግን ፈገግ ብለው ነበር። መምህርቷም ልጆቹ በፊት ለፊቱ በር እንዲወጡ ልትነግር ምስማሩን ሳትገዛ ሮጠች።

ከሰዓት በኋላ ጉባኤው ተቀመጠ። ቤት አከራዩ «ነገ ደግሞ ጡረታ ትጠይቁናላችሁ» ብሎ ተቃወመ፤ ባለዳቦ ቤቱ ድምፁን አቀበ። ደንቡ በሌሎቹ ድምፅ ጸደቀ። ወዲያው አባ ይደር ከወንበራቸው ተነሥተው የባለመጋዘኑን ስም ከነአባቱ፣ ግንቡ ያለበትንም ቦታ ተናገሩ። እኔም እንደተናገሩት ጻፍኩ። ለባለቤቱ ማስጠንቀቂያ ደረሰው፤ መሐንዲስ ግንቡን መረመረው፤ በዚያው ሳምንት በባለመዶሻው እጅ ፈረሰ።

ደንቡ ወደ ኋላ ስለማይሠራ የመምህርቷ ክስ አልተቋረጠም። ዳኛው የመሐንዲሱን ምስክርነት ሰምተው፣ የተናገረችው እውነት ነው ብለው በነጻ አሰናበቷት። ከምክር ቤቱ አልወጣችም። የሚተካላት የቀን ገቢ ትንሽ ቢሆንም ቤቷ አልጎደለም። የተመራጮች አበል ዛሬ በሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ሰዉ ቆሞ ያነባል፣ ይከራከራል፤ መከራከሩም ይበጃል። ቃለ ጉባኤያችን አጠረ፤ ውሳኔው የማንን በር እንደሚያንኳኳ ስለሚታወቅ አስፈጻሚው ተመልሶ አይጠይቀንም። በተከታዩ ምርጫ ሹፌሩ እንደገና ተወዳድሮ ገባ። ባለመዶሻው በጥቂት ድምፅ ተሸነፈ፤ ቀጥሎም እወዳደራለሁ ይላል።

የሰብሳቢነት ምርጫ ሲደርስ ባለፋርማሲው ተመረጠ። አባ ይደር በሁለተኛው ረድፍ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጡ፤ ስለ መንገድ መብራት ለመናገር እጃቸውን አወጡ፤ ተራቸው ሲደርስም ተናገሩ።